68 ተማሪ፣ አንድ ስልክ፦ ትምህርቱ መግባቱን ደወል ሳይደወል እንዴት ልወቅ?

የደምበጫዋ ቲቸር (ጠያቂ)

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ፣ እንዴት ናችሁ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አንድ ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪ አለ። ዴስኩ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ብዙው ላይ ሦስት ይቀመጡበታል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ፣ ያለፈው ተከልሶ ሲያልቅ 30 ደቂቃ ብትቀረኝ ነው። አስተምራለሁ። መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ ቲቸር!» በአንድ ድምፅ። «ጥያቄ ያለው?» ጭጭ። ደወል። ከዚያ ቴስት ስሰጥ ግማሹ ክፍል ከ10 ሁለትና ሦስት ይዞ ቁጭ።

እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው ስድስት ሰባት ልጆች ናቸው፤ ከፊት የሚቀመጡት። ከኋላ ያለውን ስም ጠርቼ ሳስነሳ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ። ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ በስንቅ የሚማሩ ናቸው። ደብተራቸውን ሳየው ጎበዞች ናቸው። ሰው ፊት መሳሳት ግን ሞታቸው ነው።

ሰሞኑን ተሙማ (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ላይ «በቴክኖሎጂ የታገዘ ምዘና አካሂዱ» ተባልን። አሰልጣኙ ፕሮጀክተር ይዞ መጣ። መብራት ጠፋ። የቀረውን በቃሉ ጨረሰልን። (አልሳቅንም ብል እዋሻለሁ።)

ያለኝን ልንገራችሁ። የራሴ ቴክኖ ስልክ አለኝ፤ ካሜራው አይታማም። ዳታ ሲገኝ ይገኛል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። መብራትም እንደዚያው። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቢፈቀድም አብዛኛው የለውም፤ ያለውም ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ለአራት አንድ ነው። ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር አለ፤ ቀለም ያለ ቀን ይሠራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ከግቢው በር ፊት ለፊት አለ።

የምፈልገው ይኼን ብቻ ነው። ማን ገባው? ማን አልገባውም? የቱ ጋ ነው የጠፋበት? አራት ሴክሽን ስለምይዝ በየቀኑ ደብተር ላርም ብል አይሆንም። ሠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ከስልጠና ሞጁል የተገለበጠ አልፈልግም፤ እሱ እኔም ጋ ሞልቷል።

ከጣና ዳር

ካሁት የሚባለውን የጥያቄ ጨዋታ ሞክሪ ቲቸር! እኔ ባሕር ዳር የግል ት/ቤት ነው የማስተምረው። አይሲቲ ላብ አስገብቼ ጥያቄውን ስክሪን ላይ እለቃለሁ። ልጆቹ ኮድ አስገብተው ይመልሳሉ፣ ነጥቡ ወዲያው ይወጣል። ሙዚቃም አለው። ክፍሉ እንዴት እንደሚደምቅ አትጠይቂኝ።

የደምበጫዋ ቲቸር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ላብ፣ ስክሪን፣ ኮምፒውተር ካልክ ግን እንግዲህ ቦታ እንቀያየር።

የቢቸናው ሒሳብ

እህቴ፣ ካሁት ያለሽን ልጅ አልነቅፈውም፤ እሱ ባለበት ይሠራል። አንድ ነገሩ ግን ለኛ ጉዳይ አይመችም። ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል፣ ረጋ ብሎ የሚያስብ ልጅ ይቀራል። አንቺ ማን ፈጣን እንደሆነ አልጠየቅሽም።

እኔ ቢቸና አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ካንቺው አይሻልም። የምሠራበትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ «ገባችሁ?»ን ተይው። የኛ አገር ልጅ ተነስቶ «አልገባኝም» አይልሽም። አንድም አክብሮት ነው፣ አንድም እፍረት ነው፣ አንድም ደወሉ ደርሶ ሆዱ ምሳውን እያሰበ ነው። በምትኩ አንድ ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ሰሌዳ ላይ ጻፊ። «ሦስት ስል፣ በጣታችሁ፣ ደረታችሁ ላይ» በያቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ካወጡ ተያይተው ይገለብጣሉ። ደረት ላይ ከሆነ የሚያየው ያንቺ ዓይን ነው። ሁሉም ባንዴ ስለሚያሳይ የሚጠብቅ የለም። ለዚህ ስልክም አላስፈለገሽ።

አሁን ስልኩ። ፕሊከርስ የሚባል አፕ አለ። የሚፈልገው አንድ ስልክ ነው፣ እሱም ያንቺ። ተማሪው የሚይዘው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ኪውአር ኮድ የሚመስል ጥቁር ቅርጽ አለ፤ በአራቱ ጎን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ትንንሽ ፊደላት ተጽፈዋል። መልሱ ቢ ነው ያለ ልጅ ቢ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አዙሮ ይይዛል። አንቺ ከፊት ቆመሽ ስልክሽን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ። ካሜራው የሁሉንም ያነባል። ያገኘው በአረንጓዴ፣ የሳተው በቀይ ይመጣልሻል። የእያንዳንዱ ካርድ ቅርጽ ይለያያል፣ ቁጥርም አለው። ስለዚህ 17 ቁጥር ምን እንዳለ ከስሙ ጋር ታገኚዋለሽ። ጎረቤት ደግሞ ካርዱን እንዴት እንዳዞረው ቢያይ እንኳ ያን ያህል አይጠቅመውም።

ያንቺ ችግር ቁጥሩ ነው። መደበኛው የካርድ ስብስብ 40 ነው፣ ትልቁ 63። አንቺ 68 አለሽ። እኔ ግን ይኼን እንደ ችግር አላየውም። አንድ ካርድ ለሁለት ስጪያቸው። በ34 ካርድ ትጨርሻለሽ፣ መደበኛው ስብስብ ይበቃሻል። ሦስት የሚቀመጡበት ዴስክ ላይ አንድ ካርድ ለሦስት ይሁን፤ እንዲያውም ካርድ ይተርፍሻል።

ለሁለት ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው። ያች ሰው ፊት መሳሳት ሞቷ የሆነችው ልጅ ብቻዋን አልተሳሳተችም። ካርዱ የሁለቱ ነው። ከመምህሯ ጋር የማታወራ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር በሹክሹክታ ስትከራከር ታያታለሽ።

ይኼን እኔ አልፈጠርኩትም። ሃርቫርድ የሚያስተምር ኤሪክ ማዙር የሚባል ሰው አለ፣ ያንቺው የፊዚክስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያስተምራል። ጥያቄ ያወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ያስብና ይመልሳል። መልሱን አይነግራቸውም። «የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉና አሳምኑት» ይላቸዋል። ከዚያ እንደገና ይመልሳሉ። በመጀመሪያው ዙር ያገኙት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ክርክሩ ዋጋ የለውም፣ ተመልሶ ያስተምራል። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርቶ ያልፋል። መሀል ላይ ሲሆን ነው ጎረቤት ለጎረቤት የሚያከራክራቸው። እኔ ለብቻው የሚመልሱትን በጣት፣ ከክርክሩ በኋላ ያለውን በካርድ አደርገዋለሁ። ሁለቱም ተደምሮ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም።

ስለ ካርዱ ጥቂት ነገር። ወፍራም ወረቀት ላይ ይታተም። ላሚኔት አታስደርጊው፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቅና ካሜራው አያነበውም። የከሰዓት ፈረቃ ላይ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ካለሽ ይኼ የግድ ነው። ልጆቹ ወረቀቱን ከጠርዝ ጠርዙ ይያዙ፤ ጣት ጥቁሩን ከሸፈነ አለቀ። አፕሊኬሽኑ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ጥያቄውን ቀድመሽ ጻፊና ክፍል ስትገቢ ዳታ ክፈቺ።

ኔት የጠፋ ቀንስ? ካርዶቹን ስታሳትሚ ጀርባቸው ላይ በወፍራም ማርከር በአራቱ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ጻፊበት። ኔት ሲጠፋ ልጆቹ ጀርባውን ወደ አንቺ ያዞሩታል። አንቺ በተራ ካሜራሽ ፎቶ ታነሺያለሽ፤ ግራውን አንድ፣ ቀኙን አንድ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ አጉልተሽ ትቆጥሪያለሽ። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ መኮራረጅ አይጠፋም፣ ግን ከ«አዎ ቲቸር» ይሻላል። ፎቶውን ከቆጠርሽ በኋላ አጥፊው። የልጆች ፊት ነው፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞር ነገር አይደለም።

ካርድ ያልጠበቅኩትን ጥቅምም ሰጥቶኛል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር እኛ ጋ ትምህርት ይቆማል ማለት ነው። ብትጮሂም አይሰማም። ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ጽፌ ካርድ አነሳለሁ፣ እነሱም ያነሳሉ። በጥቅሻ እንማማራለን።

ከዚህ ሁሉ ግን ሥራ የሚበላው ጥያቄው ነው። ካርዱን ማንም ያሳትማል። የተሳሳቱትን ሦስት ምርጫዎች ማግኘት ነው ድካሙ። ቦታ ለመሙላት የተጻፈ ምርጫ ምንም አይነግርሽም። እያንዳንዱ ስህተት ተማሪ በእውነት ከሚሳሳተው የመጣ ይሁን።

9ኛ ክፍል ገብተው እንኳ ይኼን የሚስቱ አሉኝ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ኤ፦ 5/6፣ ቢ፦ 2/5፣ ሲ፦ 1/6፣ ዲ፦ 2/6። ቢ ያለው ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ደምሯል። ሲ ያለው አባዝቷል። ዲ ያለው የጋራ ታህቱን አግኝቷል፣ ላዕሉን ማስተካከል ነው የቀረው። ሦስቱም «ኤክስ» ናቸው፣ ግን አንድ ዓይነት ልጆች አይደሉም። ዲ ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታቃኚዋለሽ። ቢ ካበዛ ግን ዳቦ ቆርሰሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ላንቺ ደግሞ ይኼን እንካ ልበልሽ። ድንጋይ ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ወረወርን። ጫፍ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው? ኤ፦ ዜሮ። ቢ፦ ወደ ላይ 10። ሲ፦ ወደ ታች 10። ዲ፦ እንደ ድንጋዩ ክብደት ይለያያል። ብዙው ኤ ይልሻል ብዬ እወራረዳለሁ። ቬሎሲቲው ዜሮ ስለሆነ አክሰለሬሽኑም ዜሮ ይመስለዋል። ፎርሙላውን ሸምድዶ ቴስት ላይ አስር ከአስር የሚያመጣው ልጅም ኤ ሊልሽ ይችላል።

ስህተቱን ከየት ታመጪዋለሽ? ክፍል ውስጥ ስዞር ደብተር ላይ ያየሁትን ስህተት ፎቶ አነሳለሁ፤ ስም ሳይታይ፣ መስመሩን ብቻ። ስልኬ ላይ «ስህተት» የሚል አልበም አለኝ። ከ9 + 16 ስኩዌር ሩት 7 የሚያወጣው፣ ከቅንፍ ፊት ያለውን ማይነስ ለመጀመሪያው ብቻ የሚሰጠው፣ ሁሉም አሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ሳወጣ ከዚያ ነው የምቀዳው። ከየትኛውም ሞጁል ይበልጥብኛል።

ሌላ፣ የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ከፍተሽ ኮትሽ ኪስ ውስጥ ክተቺና አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪ። ማታ ስሚው። ጥያቄ ጠይቀሽ መልስ እስክትቀበዪ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቂ ቁጠሪ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይኼን መዝግባ ነበር። መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው የሚጠብቁት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ስትጠብቂያት ረጅም ናት፣ ሞክሪያት።

የመጨረሻው፣ ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው፦ ይኼን ነገር ማርክ ሊስት ውስጥ እንዳታስገቢው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ተከታታይ ምዘና እንላለን። እጃችን ላይ የቀረው ግን ተከታታይ ማርክ ነው። አምስት ከአሳይመንት፣ አምስት ከክፍል ሥራ፣ አምስት ከተሳትፎ። ካርዱ ላይ አንዲት ማርክ ካያያዝሽ ልጆቹ የሚያውቁትን ሳይሆን ጎበዙ ልጅ ያነሳውን ያነሳሉ። አንቺም የጎበዙን ልጅ መልስ 34 ጊዜ ታነቢያለሽ።

እኛ ጎጃሞች ለዚህ ሩቅ መሄድም የለብንም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ያውቀዋል። ተማሪው የቆጠረውን (ራሱ ያዘጋጀውን) ቅኔ ይነግራል፣ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፣ ያቃናዋል፣ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ማንም ከአስር ስንት አገኘህ አይለውም።

ፖርሽን አለቀ ወይ

እኔ ዩኒት ሊደር ነኝ፤ የሁላችሁንም አነበብኩ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ስምንት ደቂቃ በካርድ፣ አምስት ደቂቃ በክርክር እያላችሁ ፖርሽኑን (በዓመቱ ማለቅ ያለበትን ትምህርት) ማን ይሸፍነዋል? መጽሐፉ ወፍራም ነው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀኝ «የት ደረሳችሁ?» ብሎ ነው። «ስንቱ ቢ አለ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ማስረጃም ይፈልጋል። ማርክ የሌለውን ነገር ምን ብዬ ላሳየው?

ደግሞ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት አትርሱት። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ባልተማሩት ምዕራፍ ፈተና ከመጣ ልጆቹን ማን ይመልስላቸዋል?

የቢቸናው ሒሳብ

ወንድም ዩኒት ሊደር፣ ስምንቱ ደቂቃ ክርክሩን ጨምሮ ነው፤ ደምረህ አታብዛብኝ። ቁጥሮቹን ግን ጥሩ አነሳሃቸው። ከወደቁት ውስጥ ስንቱ ፖርሽኑ አልቆለት ነበር ብለህ ታስባለህ? እ.ኤ.አ. በ2004 ፕላዝማ ሲገባ ፖርሽን እንደዚያ በሰዓቱ ሄዶ አያውቅም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ልጁ ገባውም አልገባውም ቴሌቪዥኑ ይቀጥላል። «ይድገሙልን» ብትለው አይሰማ። እኔ ቴሌቪዥን መሆን አልፈልግም።

ለማስረጃው ደግሞ አትጨነቅ። ፕሊከርስ ሪፖርት ያወጣል፣ የየጥያቄው ውጤት ከነስም ዝርዝሩ። ፎቶ ከሆነ ቁጥሩን በሌሰን ፕላኑ ግርጌ፣ «አስተያየት» የሚለው ቦታ ላይ እጽፋለሁ፦ «ግማሹ ቢ አለ፤ ነገ 10 ደቂቃ ክለሳ»። ያ ቦታ ባዶ ሲቀር ነው የኖረው። ሱፐርቫይዘሩ እንደውም ደስ ብሎት ነው የፈረመልኝ።

ዳንግላ 11/12

እኔ የማስተምረው ትልልቆቹን ስለሆነ ብዙዎቹ ስልክ አላቸው። ክፍል ውስጥ ሳይሆን ማታ ማታ በቴሌግራም እጠቀማለሁ። ግሩፕ ውስጥ ፖል ስትከፍቱ «ኩዊዝ» የሚል አማራጭ አለ፤ ትክክለኛውን መልስ ትመርጣላችሁ፣ የሳተው እንዲያነበው አጭር ማብራሪያም መጻፍ ይቻላል። «ስም አይታይ» የሚለውን ካጠፋችሁት ማን ምን እንዳለ ይታያል። እኔ ግን እንዲታይ አላደርገውም። ስሙ ሲታይ የሚመልሰው ጎበዙ ብቻ ነው። ዳታ የሚበላውም እዚህ ግባ አይባልም።

ጉድለቱን ልናገር፦ ስልክ የሌለውን ልጅ አይጨምርም። ስለዚህ ጠዋት ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እደግመዋለሁ፣ በጣት። ለ9ኛ ክፍልሽ አልመክርሽም።

ጮቄ ስር

እኔ ያለሁት ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ገጠር ት/ቤት ነው። 2ኛ ክፍል። ካርዱም አፑም እኛ ጋ አይታሰብም። ቆርኪ ነው የምጠቀመው። ከለስላሳ መሸጫ ለቅሜ ጀርባቸውን ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አለው። ሥራ ሰጥቻቸው ስዞር ያልገባው ቀዩን ወደ ላይ ያዞራል። ልጁ አፍ አውጥቶ አይጠራኝም፣ ቆርኪው ይጠራኛል። እርግጥ አንዳንዶቹ መምህርት አጠገባቸው እንድትመጣ ብቻ ቀይ ያደርጋሉ። እሄዳለሁ፣ ምን አለበት።

ለንባብ ግን ስልኬን እጠቀማለሁ። ቁልፍ ያላት ትንሿ ስልክ ናት፣ ሰዓት መቁጠሪያ አላት። አንድ ልጅ፣ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ደቂቃ። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት እቆጥርና ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ኢግራ የሚሉት የንባብ ምዘናም አንዱ ክፍሉ ይኸው ነው። በቀን አራት አምስት ልጅ፣ የቀሩት ሲጽፉ። ገበያ ቀን ክፍሉ ሲሳሳ ትንሽ ልጨምር እችላለሁ። ከወር በኋላ ያንኑ ልጅ ሳስነብበው ቁጥሩ ካልጨመረ ያ ልጅ አንቀጹን በቃሉ ይዞት ነበር፣ ወይ ፊደል ላይ የቀረ ነገር አለ። አንዱ ልጅ ለምሳሌ «ጸ»ን እና «ጰ»ን እያምታታ ኖሯል፤ በመዝሙር ስንቆጥር አብሮ ስለሚጮህ አልታየኝም ነበር።

የደምበጫዋ ቲቸር

እናንተዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳልመልስ የቆየሁት ሞክሬ ልምጣ ብዬ ነው።

ካርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ፣ በደብተር ሽፋን ወፍራም ወረቀት። ልጁ «ምንድነው ይኼ፣ ሎተሪ ነው?» አለኝ። በጀርባው ሀ ለ ሐ መ ጻፍኩበት። ደግ አደረግኩ፣ የመጀመሪያው ቀን ኔት አልነበረም።

የድንጋዩን ጥያቄ ነው የጠየቅኳቸው። በጣት ሲመልሱ የጣት ጫካ ሆነብኝ፣ ግን አብዛኛው «አንድ» ነው። ዜሮ ማለት ነው። ውርርዱን አሸነፍክ ወንድሜ። መልሱን ሳልናገር «ተከራከሩ» አልኳቸው። መጀመሪያ ተያዩና ሳቁ። ከዚያ ክፍሉ ተነሳ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ስሟን ስጠራ የምትሸሸኝ አንዲት ልጅ አለች። እስክሪብቶዋን ወደ ላይ እየወረወረች ጓደኛዋን «ዜሮ ከሆነማ እዛው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር! ምን መለሰው?» ስትል ሰማኋት። እኔ መምህሯ እንዲህ አሳጥሬ አላስረዳሁትም።

በካርዱ ዙር 34 ካርድ ሲነሳ 21ዱ «ሐ» ሆነ። የቀሩት አሁንም «ሀ» ናቸው፣ አንድ ሁለት «መ» አለ። በነጋታው የጀመርኩት ከነሱ ነው።

የተቸገርኩበት አንድ ነገር አለ። ሁለት ሆነው ሲይዙ አንዱ ጎበዝ ካርዱን ይዞ ብቻውን ያዞረዋል፣ ሌላው ዝም ብሎ አጠገቡ ነው። በተለይ ወንድና ሴት ሲቀመጡ። ምን ታደርጋላችሁ?

የቢቸናው ሒሳብ

ካርዱን የያዘው አይናገርም፣ ያልያዘው ነው የሚያስረዳው። ሕጉ ይኼ ነው እኛ ጋ። ስልኩ ካነበበ በኋላ «ቢ ያላችሁ» ብዬ ሁለት ሦስት ካርድ እጠራለሁ፤ ተነስቶ ለምን እንደሆነ የሚናገረው ካርድ ያልያዘው ነው። ይኼን ሲያውቁ ካርድ ያዡ ራሱ ጓደኛውን ማስረዳት ይጀምራል፣ ማፈሩ ለሁለቱም ነዋ። ካርዱን ደግሞ በየጥያቄው ያቀያይሩ።

ወንድና ሴት ሲሆኑ የባሰ ከሆነ ለጊዜው ሴት ከሴት አስቀምጪ። ዩኒት ሊደሩ የ1 ለ 5 አደረጃጀት ፈረሰ ካለሽ ለስምንት ደቂቃ ብቻ ነው በይው።

ያችን የእስክሪብቶዋን ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ጥያቄ ካርድ አታስይዣት።